በወረቀትና በድረ ገጽ የሚወጣ የትምህርት ቤት ጋዜጣ

የትምህርት ቤቱን ጋዜጣ በሁለት መልክ፣ ማለትም በወረቀት አትሞና በድረ ገጽ ዘርግቶ ለማውጣት የወሰነ መምህር፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ሁለቱ አንድ ነገር ደጋግመው የሚናገሩ ናቸውን፣ ወይስ ለእያንዳንዱ ተለይቶ የተሰጠው ተልእኮ አለን የሚል ነው። በብዙ ቦታ እንዳየሁት ግን ጥያቄው ሳይነሣ ይታለፍና፣ የታተመው ጋዜጣ እንዳለ በፒዲኤፍ ተቀድቶ በድረ ገጹ ላይ ይለጠፋል፤ አንባቢውም በእጅ ስልኩ ላይ ባለ አራት ዐምዱን ገጽ በጣቱ ሲያሰፋና ሲስብ ቆይቶ፣ ሁለተኛውን ዐምድ ሳይጨርስ ይተወዋል። ይህ ማዋሐድ አይባልም።

እኔ የተከተልሁት ሥርዓት ሌላ ነው። ዜናም ሆነ ሐተታ፣ ኋላ ከማነሣው ጥቂት በቀር፣ ማንኛውም ጽሑፍ አስቀድሞ በድረ ገጹ ላይ ይወጣል፤ በዚያም ሰንብቶ፣ በመምህራን፣ በወላጆችና ከሁሉ ይልቅ በራሳቸው በተማሪዎቹ ዐይን ተመርምሮ፣ የስም ግድፈቱ ታርሞ፣ የጐደለው ተሟልቶ፣ የተነሣበት ክርክር ካለም ከነመልሱ ተሰናድቶ ካበቃ በኋላ፣ ሊቀመጥ የሚገባው ብቻ ተመርጦ ለማተሚያ ቤት ይሰጣል። እንግዲህ ድረ ገጹ የጋዜጣው ቅጂ መሆኑ ይቀርና የእርማት ንባቡ ይሆናል፤ ወረቀቱም ፈራጅ ሆኖ ይቀመጣል።

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ጽሑፉ አስቀድሞ በስልክ ከተነበበ ወረቀቱን ማን ይፈልገዋል እያሉ ይከራከሩኛል። ክርክራቸው ለዕለት ጋዜጣ ይስማማ ይሆናል፤ የእኛ ግን በመንፈቀ ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚታተም ነው፤ የወረቀትም ዋጋ ከዚህ በላይ አያራምድም። የጥቅምትን የእግር ኳስ ውድድር ውጤት በጥር ወር አትሞ ማደል ለማንም አይጠቅምም፤ ያው ውጤት በዕለቱ በድረ ገጹ ላይ ወጥቶ ሊንኩ በየክፍሉ የቴሌግራም ቡድን ቢላክ ግን ከማታው ጥናት በፊት ይነበባል። በጥር የሚታተመው፣ ቡድኑ ለምን እንደ ተሸነፈ፣ ሜዳው ለሕንፃ ሥራ ከተወሰደ ወዲህ ልጆቹ የት እንደሚለማመዱ፣ የስፖርት መምህሩም ስለዚህ ምን እንደሚል የሚመረምረው ሐተታ ነው። በኒው ዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋዜጣ፣ በ1877 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው «ስፔክቴተር»፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የዕለት ኅትመቱን ትቶ በሳምንት አንድ ጊዜ ወደ መታተም ሲዞር፣ የዕለቱን ጉዳይ ለድረ ገጹ አስረክቦ ነው። ደግሞም ተማሪ ወረቀቱን የሚሻው ስሙን ታትሞ ለማየትና ለእናቱ ለማሳየት ጭምር መሆኑን የጋዜጣ ክበብ የመራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ይህንንም እንደ ከንቱ ውዳሴ ቈጥሮ መናቅ አይገባም፤ ብዙ ጸሐፊ የተወለደው ከዚሁ ነውና።

ከብራና መጻሕፍት ጋር የተዋወቀ ሰው፣ በድረ ገጽ አርሞ በወረቀት የማጽናቱ አሠራር እንግዳ አይሆንበትም። ጸሐፊው ዘልሎት ያለፈውን ቃል፣ መጽሐፉን ከአብነቱ ጋር ያመሳከረው ሊቅ በመስመሮች መካከል በደቃቅ ጽሕፈት ወይም በኅዳጉ ላይ ያገባዋል፤ ከዚያ የሚገለብጠው ሌላው ጸሐፊ ደግሞ የኅዳጉን ቃል ወደ ዐቢዩ ንባብ አስገብቶ አስተካክሎ ይጽፈዋል። ሆኖም በብራና ላይ የእርማቱ ምልክት ለትውልድ ሲታይ ይኖራል፤ በድረ ገጽ ግን ስሕተቱ ዱካ ሳይተው ይጠፋል። ስለዚህ ከታረመው ጽሑፍ ግርጌ ምን እንደ ታረመና በየትኛው ቀን እንደ ታረመ እንዲጻፍ አስገድዳለሁ፤ ተማሪዎቹ መጀመሪያ ያፍሩበታል፣ ኋላ ግን ይለምዱታል።

በሥራው ውስጥ ብዙ ድካም የሚያስከትለው ግን ከሐሳቡ ይልቅ ፊደሉ ነው። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ ከመግባቱ በፊት የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች፣ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ዘዴ ፊደሉን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ስለ ነበር፣ በእነዚያ የተጻፈ ጽሑፍ ወደ ድረ ገጽ ሲዛወር ትርጕም የሌለው የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ሆኖ ይታያል። አንዳንዱ የገጽ ቅንብር ባለሙያ እስከ ዛሬ የሚሠራው በለመደው አሮጌ ፎንት ነው፤ በእርሱም ኮምፒዩተር ላይ በመጨረሻው ሰዓት የተደረገው እርማት ወደ ድረ ገጹ ሳይመለስ እየቀረ፣ በአንድ ርእስና በአንድ ጸሐፊ ስም ሁለት የተለያዩ ጽሑፎች ይኖራሉ። መድኃኒቱ፣ ከሁለቱም ውጭ የሚቀመጥ፣ በዩኒኮድ የተጻፈ አንድ የጸደቀ ቅጂ እንዲኖርና እርማት ሁሉ በእርሱ ላይ እንዲደረግ ማዘዝ ነው። ፎቶግራፍም እንደዚሁ ነው፤ በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ተጨምቆ ስለሚደርስ፣ በስልክ አምሮ ቢታይም፣ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ በሚጠይቀው ኅትመት ላይ ደብዝዞ ይወጣል፤ ዋናው እንደ ፋይል ይላክ።

ጋዜጣ ከታጠፈ ወረቀት የሚሠራ በመሆኑ የገጹ ቍጥር ለ4 የሚካፈል መሆን አለበት፤ 9 ገጽ የሚሞላ ጽሑፍ የያዘ አዘጋጅ ወይ ወደ 8 ይቈርጣል፣ ወይ 12 ለመሙላት ሲለምን ይውላል። ለወጣት ጸሐፊ ከዚህ የሚበልጥ ተግሣጽ አላውቅም። ነገር ግን «ከወረቀቱ የተረፈው በድረ ገጹ ይውጣ» የሚል ፈሊጥ አንድ ጊዜ ከገባ፣ ማንም የጻፈውን መቍረጥ ስለማይፈልግ፣ ድረ ገጹ የቃርሚያ ማከማቻ ይሆናል። ድረ ገጹ ሊይዝ የሚገባው ወረቀት የማይችለውን ነው፤ የሙዚቃ ክበቡን ድምፅ፣ የቲያትሩን ቪዲዮ፣ የቃለ መጠይቁን ሙሉ ቃል። ወደዚያ የሚያደርሰውን ኪው አር ኮድ በጋዜጣው ላይ ማተም መልካም ነው፤ ግን ስልክ ይዞ መግባት በተከለከለበት ቅጽር ግቢ፣ ኮዱ የሚከፈተው ማታ በቤት መሆኑ ታስቦ ይሁን።

በወረቀት ብቻ ሊወጣ የሚገባውም አለ። ጋዜጣው ከግቢው ብዙም አይርቅም፤ ድረ ገጹ ግን ዓለም ሁሉ የሚገባበት ደጅ ነው። አንዲት የ7ኛ ክፍል ልጅ ስለ አባቷ ሞት የጻፈችውን፣ ወይም አንድ ልጅ ስለ ቤተሰቡ ችግር የተረከውን፣ ከነስሙና ከነፎቶው ለማያውቀው ሰው ሁሉ መዘርጋት፣ ወላጅ ቢፈቅድ እንኳ፣ እኔ የማልስማማበት ነገር ነው፤ ልጁ አድጎ ያን ገጽ ማግኘት አይፈልግ ይሆናልና።

ዕድሜን በተመለከተ ግን ድረ ገጹን የሚያምን ይታለላል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ልሳን በነበረው በ«ስትራግል» ላይ በኅዳር 1962 ዓ.ም. የታተመውን የዋለልኝ መኰንንን ጽሑፍ፣ ሐሳቡን የሚቀበለውም የሚቃወመውም ሰው እስከ ዛሬ እየጠቀሰ የሚከራከርበት ወረቀቱ በእጅ ስለ ተገኘ ነው። የትምህርት ቤት ድረ ገጽ ግን ዓመታዊ ክፍያው በተዘነጋ ጊዜ፣ ወይም የይለፍ ቃሉን የያዘው ተማሪ ተመርቆ በሄደ ጊዜ፣ ከነማኅደሩ ይጠፋል።

ስለዚህ ይህን ሥራ የምትጀምሩ መምህራን ሆይ፣ የድረ ገጹን የይለፍ ቃል በተማሪ እጅ ብቻ አትተዉ፤ በርእሰ መምህሩ ቢሮ በታሸገ ፖስታ አስቀምጡት። ከእያንዳንዱ እትም ሁለት ቅጂ፣ ገንዘቡ ለሌላው ባይበቃ እንኳ፣ አስጠርዛችሁ ለትምህርት ቤታችሁ ቤተ መጻሕፍት ስጡ።