በይፋግ የሚነበቡት የምስጢር መጻሕፍት

ይፋግ በጎንደርና በወረታ መካከል የምትገኝ፣ ጣናን በምዕራብ፣ የፎገራን ሜዳ በደቡብ አድርጋ የተቀመጠች የቀድሞ የነጋዴ አገር ናት። ጎንደር መናገሻ በነበረችበት ዘመን፣ ከዚያም በኋላ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት፣ አሞሌ ጨው የጫነ ሲራራ ነጋዴ የሚያርፍባትና የሚገበያይባት ስመ ጥር ገበያ ነበረች። አሁን አሞሌው ቀርቶአል። ከባሕር ዳርና ከጎንደር ከሚመጣላት ዕቃ ጋር ግን መጽሐፍ ይመጣል፤ ከሚመጡትም መጻሕፍት ወጣቱ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ጠርዙ እስኪላላ ድረስ የሚያነበው የምስጢር ልብ ወለድ ነው። የቆሎ ተማሪው እንኳ ከአኩፋዳው ሥር ዴርቶጋዳን ወይም እመጓን ሸሽጎ ቢገኝ ማንም አይደነቅም፤ መምህሩ ያዩበት እንደ ሆነ ግን ሌላ ነገር ነው።

መምህራን ይህን ዓይነት መጽሐፍ «ተረት ነው፤ ጊዜ ማጥፊያ ነው» ብለው ሲነቅፉት ይሰማል። ነቀፌታው ሁሉ ከንቱ አይደለም። ይሁን እንጂ ድንቅ ነገርን መተረክ ለኢትዮጵያ ሊቃውንት እንግዳ ሥራ ሆኖ አያውቅም። እስክንድር የሕይወትን ውኃ ፍለጋ ወደ ጨለማ አገር የገባበትን ዜና በግእዝ ጽፈው ያቆዩት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው። ክብረ ነገሥትም ታቦተ ጽዮን ከኢየሩሳሌም የወጣችበትን ሌሊት ሲተርክ፣ አንባቢው ፍጻሜውን አስቀድሞ እያወቀ እንኳ ትንፋሹን ይይዛል። እንግዲህ ድንቅ ነገር ይጻፍ ወይስ አይጻፍ ተብሎ መከራከር ዘመኑ ያለፈ ክርክር ነው፤ ይልቅስ ድንቁ በመጽሐፉ ውስጥ ምን ሥራ ሠራ ተብሎ ቢጠየቅ ይሻላል።

«ልብ ወለድ» የሚለው ስም የተለመደው ከጣና ማዶ በተወለደ ሰው ብዕር ነው። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1868 በዘጌ የተወለዱት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፣ በ1908 በሮም ያሳተሙትን መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» አሉት፤ በኋላ ጦቢያ በሚለው ስም የታወቀው እርሱ ነው። ታሪኩ ለብዙዎች የታወቀ ቢሆንም ለነገሩ አስፈላጊ ነውና በአጭሩ ይነገር። በጦርነት የተማረከ አንድ የክርስቲያን ጦር አለቃ፣ የማያውቀው ነጋዴ ገንዘብ ሰጥቶት ራሱን ይዋጃል። ልጁ ዋሕድ ያንን ውለታ ለመክፈል ነጋዴውን ፍለጋ ይወጣል፤ በመንገድም ተይዞ ለባርነት ይሸጣል። መንታ እኅቱ ጦቢያ ደግሞ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባትዋ ጋር ወንድምዋን ፍለጋ ትነሣለች።

የዛሬው አንባቢ በዚህ መጽሐፍ የሚነቅፈው ብዙ ነው። ሰዎቹ ከመጠን በላይ መልካሞች ወይም ከመጠን በላይ ክፉዎች ናቸው፤ አጋጣሚውም በዝቶ እጅ እስኪል ድረስ ይደራረባል። ነገር ግን በይፋግ ተቀምጦ ለሚያነበው ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል፤ ይኸውም ያ ነጋዴ ነው። ሳያውቀው ለአንድ ምርኮኛ ገንዘቡን ሰጥቶ የሄደ ሰው ማን ነው? ለምንስ ሰጠ? የመጽሐፉ ሞተር ይህ ጥያቄ ነው። በዋሻ የተቀበረ ወርቅ፣ በካርታ የተጻፈ ምልክት በውስጡ የለም፤ ያልተከፈለ ውለታ ብቻ አለ። ፍለጋውም ፈላጊውን በነጻ አይለቀውም፤ የአባቱን ነጻነት የገዛውን ሰው ሲፈልግ የራሱን ነጻነት ያጣል። (ደራሲው ራሳቸው ኋላ ነጋድራስ ተብለው መሾማቸው ደግሞ የታሪክ ቀልድ ይመስላል።)

የቅኔ ቤት ሰው የዚህን ነገር መመዘኛ ከሩቅ አገር መዋስ አያስፈልገውም። ጉባኤ ቃና የጀመረ ልጅ እንኳ የሚያውቀው ሕግ አለና፤ ወርቁ ከሰሙ ውጭ አይመጣም። በኅብር ጊዜ አንድ ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል፤ ሰሚው የመጀመሪያውን ይዞ ያልፋል፤ ቤቱ ሲዘጋ ሁለተኛው ይገለጥለትና ወደ ኋላ ይመለሳል። ያን ጊዜ ደስ የሚለው የሰማውን ነገር አለመስማቱን ስላወቀ ነው። ቅኔ የሚዘርፍ ሰው በመጨረሻው ቤት ላይ ከዚያ በፊት ጥላው እንኳ ያልታየ ነገር አምጥቶ «ወርቁ ይህ ነው» ቢል፣ ጉባኤው ያጉረመርምበታል። የምስጢር ልብ ወለድም በዚሁ ሕግ ይዳኛል። የነገሩ መፍቻ ከመጀመሪያ ጀምሮ በአንባቢው ዓይን ሥር ተቀምጦ መቆየት አለበት። ይህም የሚታወቀው በሁለተኛው ንባብ ነው፤ ምስጢሩ ከታወቀ በኋላ እንደ ገና ሲነበብ የሚጣፍጥ መጽሐፍ ሰሙ የተሠራለት ነው፤ ምስጢሩ ሲወጣ አብሮ የሚያልቀው ግን ሰሙ የቀለጠበት ነው።

በዚህ ሚዛን ዴርቶጋዳ ምን ያህል ይመዝናል? የይስማዕከ ወርቁ ዴርቶጋዳ በ2001 ዓመተ ምሕረት ወጥቶ ደጋግሞ የታተመ፣ ራማቶሓራን የመሰለ ተከታይም ያገኘ መጽሐፍ ነው። የጣናን ገዳም ከኅዋ ሳይንስ ጋር፣ መነኩሴውን ከሰላዮች ዓለም ጋር አጋጥሞ ተርኮአል። ይህ ድፍረት መመስገን ይገባዋል። ከእርሱ በፊት የስለላ ታሪክ በብዛት ለአማርኛ አንባቢ የሚደርሰው፣ ማሞ ውድነህ እንደ ተረጐሙአቸው መጻሕፍት፣ የሌላ አገር ሰዎች በሌላ አገር ከተማ ሲሳደዱ ነበር። የፎገራ ልጅ በየቀኑ የሚያየው ሐይቅ የዓለም ኃያላን የሚሻሙበት ስፍራ ሆኖ ሲተረክለት ደረቱ ይነፋል። መጽሐፍ ገዝቶ የማያውቀውን ሁሉ ገዢ ያደረገው ይህ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሥራ የናቀ ሰው አንባቢን ከየት እንደሚያመጣ ሊነግር ይገባዋል።

ነገር ግን የመጽሐፉ ጉልበት ሁሉ በፍጥነቱ ላይ ነው፤ ፍጥነቱም አንባቢውን እንዲከተል እንጂ እንዲመረምር አይፈቅድለትም። ገዳሙ ከምስጢሩ ጋር የተያያዘው በአጥሩና በጭምትነቱ ነው፤ አንድ ነገር ሊደበቅበት የሚችል ጸጥ ያለ ቦታ ስለሆነ። መነኮሳቱ በየሌሊቱ የሚቆሙበት ማኅሌት፣ የሚደግሙት ዳዊት፣ የሚያርሙት ብራና ግን ለነገሩ መፍቻ ቍልፍ አይሆንም። ገዳሙ ተነሥቶ በእርሱ ፈንታ የጦር ሠፈር ቢገባ ታሪኩ ምን ያህል ይጎድልበት ነበር? በሁለተኛው ንባብ የሚነሣው ጥያቄ ይህ ነው፤ መልሱም ለመጽሐፉ የሚያኮራ አይደለም።

እመጓ ሌላ መንገድ ሄዶአል። ጸሐፊው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያቸው የደን ሊቅ ናቸው፤ በደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የቀሩትን ደኖች ያጠኑ ሰው ናቸው። ይህን የሚያውቅ የይፋግ ሰው መጽሐፉን ሲያነብ ፈገግ ሳይል አይቀርም። በፎገራ ዙሪያ ሜዳውና ኮረብታው ታርሶ ዛፍ በታጣበት ሁሉ፣ ጥቁር አረንጓዴ ጕብታ ከሩቅ ከታየ እዚያ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ያውቃልና። ጽዱና ወይራው የቀረው ማንም ስላልደፈረው ነው። ዛፍ በመቍጠር ሥራ የሰነበተ ዓይን ታሪክ ሲጽፍ ደግሞ አይቸኩልም። እመጓ ወደ መንዝ፣ ወደ እመጓ ዑራኤል ሲጓዝ፣ ብርዱ፣ ገደሉ፣ የባላገሩ ንግግር፣ የካህኑ ጥርጣሬ በየተራ ይመጣሉ፤ አንባቢውም የሚፈለገው ነገር ከመገኘቱ በፊት የሚፈለግበትን አገር ያውቃል። ቅኔ አዋቂዎች ውስጠ ወይራ የሚሉት መንገድ አለ፤ በውጭ አንድ ሲባል በውስጥ ሌላ የሚነገርበት። እመጓ በተሳካለት ቦታ ላይ በውጭ የመንገድ ታሪክ ነው፤ በውስጥ ግን አንድ የተማረ ሰው ማንበብ ያቃተውን የገዛ አገሩን መጽሐፍ ፊደል በፊደል ሲቈጥር የሚያሳይ ነው። ዝጎራና ሌሎቹም ከእርሱ በኋላ የመጡት ይህንኑ መንገድ ቀጥለዋል።

ጕድለቱ ደግሞ አለ። ሰዎቹ ሲጨዋወቱ ብዙ ጊዜ አንዱ መምህር ሌላው ደቀ መዝሙር ይሆናል፤ ወሬው ትምህርት ሆኖ ይረዝማል። ደራሲው የሚያውቁት ነገር ብዙ ነው፤ ካወቁት ውስጥ ጥቂቱን ቢያስቀሩት ኖሮ ታሪኩ ይቀልል ነበር። ከዚህ የሚበልጠው ጕዳይ ግን ሌላ ነው። እውነተኛ የቦታ ስም፣ እውነተኛ ታቦት፣ እውነተኛ ገዳም ከልብ ከተወለደ ነገር ጋር ሲሰፋ፣ ስፌቱ እስከማይታይ ድረስ ሲያምር፣ አንባቢው «እውነት ነውን?» ብሎ መጠየቅ ይጀምራል። ዳን ብራውን የተባለው አሜሪካዊ በ2003 ያሳተመው የዳ ቪንቺ ኮድ የሚባል ልብ ወለድ ገና በመግቢያው «እውነት» የሚል ርእስ ያለው ገጽ አቁሞ ዓለምን ሁሉ ያከራከረው በዚህ ዘዴ ነው።

በሮም ወይም በፓሪስ እንዲህ ያለው ክርክር በወሬ ያልቅ ይሆናል። በኢትዮጵያ ገጠር ግን የሚሸከመው ሰው አለ፤ እርሱም የዕቃ ቤቱን ቍልፍ የያዘው ገበዝ ነው። ገዳም ሁሉ የተሰወረ ሀብት መጋዘን እንደ ሆነ በልብ ወለድ የተማረ ሰው ወደ እርሱ ሲመጣ፣ ብራናውን ለማንበብ አይመጣም፤ ሊያየው፣ ፎቶግራፍ ሊያነሣው፣ ቢቻለውም ሊያገኘው ይመጣል። ይህም ስጋት ከምናብ የተወለደ አይደለም። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ከተወሰዱት የብራና መጻሕፍት 350 ያህሉ ለንደን ገብተዋል። በ1932 ደግሞ በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ ጓድ በጎንደር የአባ እንጦንዮስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አንሥቶ በፈንታቸው ግልባጭ ለጠፈ፤ እውነተኞቹ እስካሁን በፓሪስ ናቸው። በዚህ ውስጥ ስውር ፊደል፣ የምድር ውስጥ በር፣ ጭንብል የለበሰ ሰላይ አልነበረም፤ በቅሎና ሣጥን በቂ ነበሩ።

የዚህ ሁሉ ዋና ምሳሌ ጀምስ ብሩስ ነው። እርሱም በ1770 ገደማ በጎንደርና በጣና ዙሪያ ሲመላለስ ሰንብቶ መጽሐፈ ሄኖክን ይዞ በ1773 ወደ አውሮፓ ተመለሰ። የምስጢር ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው ቢሆን ታሪኩ እዚህ ላይ ይፈጸምለት ነበር፤ የጠፋው መጽሐፍ ተገኘ፤ ሣጥኑ ተከፈተ። በእውነተኛው ዓለም ግን መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ የታተመው ሪቻርድ ሎረንስ በደከመበት በ1821 ነው። አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ ሣጥኑ ተከፍቶ ሳለ ምስጢሩ ተዘግቶ ኖረ ማለት ነው። በዚያው ዘመን በኢትዮጵያ ሄኖክን የሚያነብ ሰው በየገዳሙ ነበር፤ መጽሐፉም ለእርሱ ጠፍቶ አያውቅም። ሊወሰድ የሚችለው ብራናው ነበር፤ አንድምታው በመምህሩ አፍ ስለሚኖር ግን በቅሎ አይጭነውም። ይህን ልዩነት የተረዳ ደራሲ ስለ ገዳም ምስጢር ሲጽፍ፣ ሣጥኑን በሁለተኛው ምዕራፍ ከፍቶ ጨርሶ የቀረውን መጽሐፍ በውስጡ ያለውን ለማንበብ ያውለዋል።

ጣልያናዊው ኡምቤርቶ ኤኮ በ1980 ባሳተመው «የጽጌረዳው ስም» በሚባለው ልብ ወለድ ያደረገው ይህን የሚመስል ነው። ነገሩ በ1327 በአንድ ገዳም ውስጥ ይሆናል፤ መነኮሳት ይሞታሉ፤ የሁሉም ሞት ወደ ቤተ መጻሕፍቱና ወደ አንድ መጽሐፍ ያመራል። ያ መጽሐፍ ወርቅ አይደለም፤ አርስጣጣሊስ ስለ ሣቅ እንደ ጻፈው የሚነገርለት ክፍል ነው። ገዳይም መርማሪም የሚጣሉት መነበብ ይገባዋል ወይስ አይገባውም በሚለው ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ገዳሙን አውጥቶ የጦር ሠፈር ማስገባት አይቻልም፤ ሁሉም ነገር ከማንበብ የተነሣ ነውና። ጣናን የሚያህል ሐይቅ፣ ዳጋ እስጢፋኖስንና ጣና ቂርቆስን የሚያህሉ ደሴቶች ያሉት ሕዝብ፣ አንድ የደብተራና የብራና ክርክር የሰው ሕይወት የሚያሳጣበት እንዲህ ያለ ታሪክ ቢወጣው የሚያስደንቅ አይሆንም።

ለይፋግ ወጣት ደራሲ ደግሞ ነገሩ ከዚያም ይቀርባል። ወደ ጎንደር ሲሄድ እንፍራዝ አጠገብ በኮረብታ ላይ የጉዛራ ግንብ ይታየዋል፤ ከፋሲል ግንብ በፊት በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን እንደ ተሠራ ይነገርለታል። ድንጋዩን ማን ጠረበው? ኖራውን ማን አቃጠለው? ዋጋውስ በምን ተከፈለ? ከቤቱ ደጅ ላይም ሌላ ጥያቄ አለ፤ ከአሞሌ ጫኞቹ አንዱ ምርኮኛ ዋጅቶ ስሙን ሳይናገር አድሮ ሄዶ እንደ ሆነስ? እነዚህ ከኅዋ መርከብ ያነሰ ድንቅ የለባቸውም፤ ምልክቶቻቸውም በአገሩ ሰው ዓይን ሥር ተቀምጠዋል።

እስከዚያው ግን ያሉት መጻሕፍት ይነበባሉ። ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን ዝቅተኛ ሜዳ ውኃ ያለብሱታል፤ መንገድ ይከብዳል፤ አዲስ መጽሐፍም በቶሎ አይመጣም። ያን ጊዜ የይፋግ አንባቢ ጠርዙ የላላውን እመጓን በመርፌ ሰፍቶ፣ ምስጢሩን እያወቀ፣ ከመጀመሪያው ገጽ እንደ ገና ይጀምራል።