«ኮነንድረም»ን እንዴት እናንብበው?

ጃን ሞሪስ በ1974 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት «ኮነንድረም» የተባለው የሕይወት ታሪክ ብዙ ጊዜ የሥቃይ መጽሐፍ ተደርጎ ይነበባል። ይህ አነባበብ ሁለት ነገሮችን ያደባልቃል። ወንድ ተብለው ያደጉት ደራሲ ሴት መሆናቸውን የተረዱት በ3 ወይም በ4 ዓመታቸው፣ ከእናታቸው ፒያኖ ሥር ተቀምጠው ሳሉ ነው፤ ልጅነታቸውም ደስታ የሞላበት ነበር። ጭንቀቱ የበረታው ኋላ ነው። በ1953 የኤቬረስትን መወጣት ለ«ታይምስ» ጋዜጣ ዘግበው ያገኙት ዝናም ሆነ ትዳራቸው አላስታገሠውም። በ1972 በካዛብላንካ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው በኋላ ጭንቀቱ ለቀቃቸው፤ ሴትነታቸው ግን እንዳለ ቀረ። እንግዲህ ሐኪሙ ያከመው ጭንቀቱን እንጂ ማንነቱን አልነበረም። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም በ2013 «የጾታ ማንነት መታወክ» የሚለውን ስም ትቶ «ጀንደር ዲስፎሪያ» ማለቱ ይህንኑ ለመለየት ነው፤ ማንነቱ ኖሮት ጭንቀቱ የሌለበት ሰው አለና።

መጽሐፉ የሚደክመው ወደ መጨረሻው ነው። መኪና ወደ ኋላ መንዳት ወይም ጠርሙስ መክፈት አይችሉም ተብለው ሲገመቱ፣ በእርግጥም እያቃታቸው እንደ ሄደ ደራሲዋ ይነግሩናል። ይህ ስለ ዘመኑ ወንዶች ብዙ ያስረዳል፤ ስለ ሴትነት የሚያስረዳው ግን ጥቂት ነውና ባጭሩ ቢታለፍ ይሻል ነበር።