የመልሱ ጨዋታ የት ነው? እንግዳና አስተናጋጅ በገጠር አፍሪካ እግር ኳስ

ስለ ገጠር አፍሪካና ስለ እግር ኳስ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር አንድ ትዕይንት ይደጋግማል። እንግዳው ከመኪና ይወርዳል፤ አዲስ ኳስ ያወጣል፤ ልጆች ይሰበሰባሉ፤ አቧራው ይነሳል። በቋንቋ የማይግባቡ ሰዎች በኳስ ተግባቡ ተብሎ ይደመደማል። ትዕይንቱ ሐሰት አይደለም። የዚያን ከሰዓት ደስታ ማንም ሊክደው አይችልም። ነገር ግን ጨዋታውን የጠራው ማን እንደሆነና ሜዳው የማን እንደሆነ ሳይጠየቅ ይታለፋል። ኳስ ተጫዋች ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በሜዳህ የተጫወተ ቡድን በሜዳው ሊቀበልህ ይገባል። በእንግዳውና በመንደሩ መካከል ስለተፈጠረው ትስስር ስንጽፍም መለኪያችን ይኸው የመልስ ጨዋታ ሊሆን ይገባል እላለሁ።

እግር ኳስ ራሱ ወደ አፍሪካ የገባው በእንግዳ እጅ ነው። ፒተር አሌጊ እ.ኤ.አ. በ2010 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተሙት የአፍሪካ እግር ኳስ ታሪክ እንዳሳዩት፣ በአህጉሩ ተመዝግበው የሚገኙት የመጀመሪያዎቹ ግጥሚያዎች በ1862 በኬፕ ታውንና በፖርት ኤልዛቤት የተካሄዱ ናቸው፤ የተጫወቱትም ነጮች ነበሩ። ከዚያ በወደቡ፣ በባቡር ሐዲዱ፣ በጦር ሰፈሩና በሚሲዮን ትምህርት ቤቱ በኩል ወደ ውስጥ ዘለቀ። ሚሲዮናውያኑ ሥነ ሥርዓት ማስተማሪያ ይሆናል ብለው ያመጡትን ጨዋታ አፍሪካውያኑ የራሳቸው አደረጉት። የአሌጊ መጽሐፍ ትልቁ ዋጋ ይህን የራስ ማድረግ ከኩረጃ ለይቶ እንደ ፈጠራ ማንበቡ ነው።

ያንን ፈጠራ በምስል ያሳየን «አሜን» የተባለው የጄሲካ ሂልታውት የፎቶግራፍ መጽሐፍ ነው። ፎቶግራፍ አንሺዋ ከ2010ሩ የዓለም ዋንጫ ቀደም ብለው በደቡባዊና በምዕራብ አፍሪካ እየተዘዋወሩ የመንደር ኳስን አነሱ፤ በፌስታልና በጨርቅ ተጠቅልለው በሲባጎ የታሰሩ ኳሶችን፣ በእንጨት የቆሙ ግቦችን፣ የተቀዳደዱ ጫማዎችን። የጨርቅ ኳስ እየሠራ ያደገ የኢትዮጵያ አንባቢ እነዚህን ገጾች እንደ ሩቅ አገር አያያቸውም፤ ካልሲው እንዴት እንደሚሞላ፣ ክሩ የቱ ጋ እንደሚጠብቅ እጁ ያውቀዋል። ሂልታውት የፋብሪካ ኳስ እየሰጡ በእጅ የተሠራውን ይቀበሉ ነበር። ልውውጡ የቅንነት ነው፤ ሁለቱም ወገን የፈለገውን አግኝቷል። ሆኖም የፋብሪካው ኳስ በእሾህና በጠጠር መሐል ተጫውተውበት ያልቃል፤ የመንደሩ ኳስ ግን ተጠብቆ ይቀመጣል፣ ምስሉም ይታተማል። መጽሐፉ የሠሪዎቹን ጥበብ ከልብ ያከብራል። የሚጓዘው ግን ኳሱ ብቻ ነው፤ ሠሪው ካለበት አይነቃነቅም።

የካናዳው ሶሲዮሎጂስት ሳይመን ዳርኔል በስፖርት ልማት ለማምጣት በሚላኩ ወጣት በጎ ፈቃደኞች ላይ ባደረጉት ጥናት ያነሱት ችግር ከዚህ ጋር ይያያዛል፦ እንግዳው ራሱን ሰጪ፣ የመንደሩን ሰው ተቀባይ አድርጎ ማየት ይለምዳል። ልማዱ ግን አይሰበርም ማለት አይደለም። በኬንያ ጠረፍ፣ በኪሊፊ፣ እንግሊዛዊቷ ሣራ ፎርዴ በ2001 ያስጀመሩት «ሙቪንግ ዘ ጎልፖስትስ» የተባለው የልጃገረዶች እግር ኳስ ድርጅት ለዚህ ምስክር ነው። ውሃ መቅዳትና ታናናሾችን መጠበቅ የሴት ልጅን ከሰዓት በሚወስድበት አካባቢ ሊጉን የሚያደራጁት፣ የሚያሠለጥኑትና ፊሽካውን የሚነፉት ልጃገረዶቹ ራሳቸው ሆኑ። በእኔ ፍርድ ይህ የመንገዱ እኩሌታ ነው። ሜዳው የባለቤቶቹ ሆኗል። ባለቤቶቹ በሌላ ሰው ሜዳ እንግዳ የመሆን ዕድል ግን ገና ይቀራል።

ሌላኛውን እኩሌታ የሄዱት የደቡብ አፍሪካ አሮጊቶች ናቸው። በሊምፖፖ ክፍለ ሀገር፣ በጻኒን ከተማ አጠገብ ባለችው ንኮዋንኮዋ፣ ቤካ ንትሳንዊሲ የተባሉ የማኅበረሰብ አገልጋይ ከካንሰር ጋር እየታገሉ ሳለ በሕክምና ቦታ የሚያገኟቸውን የደም ግፊትና የመገጣጠሚያ ሕመም የያዛቸው እናቶች ሰብስበው ሰውነት ማፍታታት ጀመሩ። እንደሚተረከው፣ አጠገባቸው ይጫወቱ ከነበሩ ልጆች ኳስ ተንከባልሎ መጣ፤ እናቶቹ መልሰው ሊመቱት ሞከሩ፤ ከዚያ ወዲያ ኳሱን አልለቀቁትም። «ቫኬጉላ ቫኬጉላ» የተባለው የአያቶች ቡድን የተወለደው እንዲህ ነው። ብዙዎቹ በኤድስ የሞቱ ልጆቻቸውን ልጆች የሚያሳድጉ ናቸው። አሮጊት በአደባባይ ከኳስ ኋላ ስትሮጥ ማየት ለጎረቤትም ለቤተ ክርስቲያንም ነውር ነበር። እነሱ ግን ልምምዳቸውን ቀጠሉ፤ በሌሎች የሊምፖፖ መንደሮችም ቡድኖች ተቋቋሙ።

በማሳቹሴትስ የሌክሲንግተን ሴቶች ቡድን የሆነው ሌክስፕሬሳስ የእነዚህን አያቶች ቪዲዮ ባየ ጊዜ ኳስ ጭኖ አልሄደም። ጋበዛቸው፤ ለጉዞውም ገንዘብ አሰባሰበ። በሐምሌ 2010 አያቶቹ ላንካስተር ላይ በአሜሪካ የአንጋፋ ተጫዋቾች ዋንጫ ተሰለፉ። በ2023 ደግሞ ሊምፖፖ የአያቶችን ዓለም አቀፍ ውድድር ስታዘጋጅ ከአሜሪካና ከፈረንሳይ የመጡ ሴቶች ተጓዥ ቡድን ሆኑ። ጋባዥዋ ንትሳንዊሲ ነበሩ፤ የውድድሩ ሐሳብም የራሳቸው። ገንዘቡ፣ ዕድሜውና ጤናው እኩል አልነበረም። ሆኖም ሁለቱም ወገን ጋባዥም ተጋባዥም ሆኖ አይቶታል። በገጠር አፍሪካ እግር ኳስ ዙሪያ ከማውቃቸው ታሪኮች ውስጥ ይህን አስበልጣለሁ የምለው ስለዚህ ነው።

ይህ ጉዞ ለምን ብርቅ ሆነ ቢባል መልሱን ከሜዳው ውጭ መፈለግ ነው። አሜሪካዊ ለአጭር ጉብኝት ደቡብ አፍሪካ ሲገባ አስቀድሞ ቪዛ አይጠየቅም። ደቡብ አፍሪካዊት አያት ወደ አሜሪካ ለመሄድ ግን ቃለ መጠይቅ መቅረብ፣ ክፍያ መክፈልና ተመላሽ መሆኗን ማሳመን አለባት። ኳስ ድንበር አያውቅም የሚል ጸሐፊ ይህን የቪዛ ወረፋ አንድ ጊዜ ቢያስበው መልካም ነው። ለገጠር ቡድን ማልያና ታኬታ የሚለግሱ ድርጅቶችም ከበጀታቸው የተወሰነውን ለተጫዋቾቹ የቪዛና የትኬት ወጪ ቢያደርጉት፣ እርዳታው ወደ እውነተኛ ግጥሚያ ይጠጋል።

አንድ ጉድለት ግን በአያቶቹም ታሪክ ውስጥ አለ። የቡድኑን ጉዞ በ2023 በመጽሐፍ ያወጡት የሌክስፕሬሳሷ ጂን ዳፊ ናቸው። የኪሊፊን ልጃገረዶች ታሪክ በ2008 ያሳተሙት ፎርዴ ናቸው፤ የመንደር ኳሶቹን ያነሱትም ሂልታውት። ሦስቱም እንግዶች ናቸው፤ ሦስቱም በፍቅር ሠርተዋል። እኔም ይህን ስጽፍ የተደገፍኩት በእነሱ ዓይን ነው። በሊምፖፖና በኪሊፊ አቅራቢያ የሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች የተጫዋቾቹን ቃል በጾንጋና በጊሪያማ ቋንቋዎች በድምፅ መቅረጽና ማሳተም ይችላሉ። በተለይ የአያቶቹ ጉዳይ ጊዜ አይሰጥም፤ ቡድኑን ከመሠረቱት መካከል ያኔውኑ ሰባና ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ነበሩ።