የአንድ ፕሮቲን ስድስት ስሞች
ስለ አስኳል ተቀባዮችና ስለ ረዳቶቻቸው አማርኛ ስያሜ የቀረበ ሒስ

የሙያ ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ ሁለት መንገዶች ይታያሉ። አንደኛው የባዕዱን ስም ክፍሎች እየፈቱ በየተራ አማርኛ ማልበስ ነው፤ ሁለተኛው ነገሩ የሚሠራውን ሥራ መርምሮ ስም ማውጣት ነው። የመጀመሪያው ፈጣን ስለሆነ ይዘወተራል። በሥነ ሕይወትና በሕክምና ቃላት ላይ የሚያስከትለውን ጕዳት በአንድ ፕሮቲን ስሞች ምሳሌነት ለማሳየት እንሞክራለን።

በቅድሚያ ስለ ነገሩ። እንደ ኤስትሮጅን ያሉ ሆርሞኖች በደም ተጕዘው ወደ ሕዋስ ይገቡና ለእነርሱ ከሚስማማ ተቀባይ ፕሮቲን ጋር ይጣበቃሉ። በሰው ዘረመል ውስጥ የዚህ ወገን ተቀባዮች ቍጥር 48 ነው። ሆርሞኑ ሲጣበቅ የተቀባዩ ቅርጽ ይለወጣል፤ በቅርጹ ለውጥ በተፈጠረው ጐድጓዳ ስፍራ ላይ የምንነጋገርበት ፕሮቲን መጥቶ ይገጥማል። ከዚያም ዲ.ኤን.ኤ. የተጠቀለለባቸውን ሂስቶኖች የሚለውጡ ኤንዛይሞችን ይስባል፤ ጥቅሉ ሲላላ ጂኑ ለመነበብ ይመቻል። ልብ ሊባል የሚገባው ፕሮቲኑ በራሱ ዲ.ኤን.ኤ.ን ለይቶ የማይጨብጥ መሆኑ ነው፤ ይህን ሥራውን የሚፈጽመው በተቀባዩ ላይ ተደግፎ ነው።

ይህ ፕሮቲን በ1997 እ.ኤ.አ. በተለያዩ ቤተ ሙከራዎች ተገኘ፤ እያንዳንዱም የየራሱን ስም አወጣለት። በጡት ካንሰር ዕጢዎች ውስጥ ጂኑ ተባዝቶ ያገኙት «ኤ.አይ.ቢ.1» አሉት፤ ትርጕሙም «በጡት ካንሰር የተባዛ፣ አንደኛ» ማለት ነው። ሌሎች «ኤ.ሲ.ቲ.አር.»፣ ሌሎች «አር.ኤ.ሲ.3»፣ ሌሎች ደግሞ «ትራም-1» ብለው ሰየሙት። በ1995 እ.ኤ.አ. ከታወቀው የመጀመሪያው የዚህ ቤተሰብ አባል ጋር ሲዛመድም «ኤስ.አር.ሲ.-3» ተባለ። በመጨረሻ የሰው ጂኖችን ስም የሚያጸድቀው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ የያዘለት «ኤን.ሲ.ኦ.ኤ.3» የሚለውን ነው።

ከእነዚህ ስሞች ሦስቱ ዲቃላ ናቸው። «አር.ኤ.ሲ.3» የሌላ ፕሮቲን ስም ነው፤ «ትራም-1»ም እንዲሁ። «ኤስ.አር.ሲ.» ደግሞ ሥራው ፈጽሞ የተለየ፣ በካንሰር ጥናት እጅግ የታወቀ የሌላ ኤንዛይም መጠሪያ ጋር ይጋጫል። «ኤ.አይ.ቢ.1» የሚለው ሌላ ችግር አለበት፤ በጤነኛ ሰው ሕዋስ ውስጥ ዘወትር የሚሠራን ፕሮቲን በበሽታ ስም ይጠራዋል። ቀዳሚዎቹ በጥድፊያ የሠሩትን እኛ ዘግይተን የመጣን ልንደግመው አይገባም።

አሁን ወደ አማርኛው እንምጣ። የመጨረሻው ስም በቀጥታ ቢመለስ «የኑክሌር ተቀባይ ተባባሪ አንቂ» ይሆናል። በዚህ ሐረግ ላይ ሦስት ነቀፌታዎች አሉን።

አንደኛ፣ «ኑክሌር» በአማርኛ አንባቢ ዘንድ ከቦምብና ከኃይል ማመንጫ ተለይቶ አይታወቅም። እዚህ ግን የሚፈለገው የሕዋስ አስኳል ነው። አስኳል ከዕንቍላሉ ጀምሮ ሁሉ የሚያውቀው፣ በሳይንስ ትምህርትም የተለመደ ቃል ስለሆነ «የአስኳል» ማለት በቂ ነው።

ሁለተኛ፣ «ተቀባይ» ብቻውን ሲቆም ሰውን ያመለክታል። በሕክምና ቋንቋ ለጋሽና ተቀባይ ስንል ኵላሊት ወይም ደም ሰጪውንና የተሰጠውን ሰው ማለታችን ነው። ስለዚህ «ሆርሞን ተቀባይ» የሚለው ሐረግ ሆርሞን የምትወስድ ታካሚ ተብሎ ቢተረጐም አንባቢው አልተሳሳተም። «ፕሮቲን» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ሊከተለው ይገባል።

ሦስተኛ፣ «ተባባሪ» እኩያነትን ያሳያል፤ በፍርድ ቤትም የወንጀል ጓደኛን ያስታውሳል። ይህ ፕሮቲን ግን እኩያ አይደለም። በሰዋስዋችን «አለ» እና «ነበር» ዋናውን ግስ ተከትለው ጊዜውን ሲያስረዱ ረዳት ግስ እንላቸዋለን፤ «ሄዷል» እና «ሄዶ ነበር» የሚለያዩት በረዳቱ ነው። የፕሮቲኑም ጠባይ ከዚህ የራቀ ስላልሆነ «ረዳት አንቂ» ቢባል ሥራውን ይገልጻል። በአንጻሩ ጂኑ እንዳይነበብ የሚያደርገው ወገን «ረዳት ገቺ» ይባላል፤ ጥንዶቹም በአንድ ሥርዓት ይጸናሉ።

ባዕዱን ቃል እንዳለ «ኮአክቲቬተር» ብሎ መያዝ ይሻላል የሚሉ አሉ። ለባለሙያው መለያ ምልክቱ ሳይተረጐም መቅረቱን እኛም እንደግፋለን፤ ሆርሞንና ፕሮቲንም ሕዝብ የተቀበላቸው ስለሆኑ አይነኩም። ነገር ግን ቃሉ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ወደ ታካሚ ጆሮ የሚደርስበት ቀን አለ። የጡት ካንሰር ዕጢ ሲመረመር የኤስትሮጅን ተቀባይ ፕሮቲን ከተገኘበት ታሞክሲፌን የተባለው መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል። መድኃኒቱ የኤስትሮጅንን ቦታ ይይዛል፤ የተቀባዩን ቅርጽ በሌላ መልክ ስለሚለውጠውም ረዳት አንቂው የሚገጥምበት ስፍራ ይዘጋል። የሕክምናው ምሥጢር ያለው በዚሁ በረዳቱ ላይ ነው።

ታዲያ ይህ ውጤት «ሆርሞን ሪሴፕተር ፖዘቲቭ» ተብሎ ሲነገር ሴቲቱ ምን ትሰማለች? በሀገራችን «ፖዘቲቭ» የሚለው ቃል የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ ከተስፋፋ ወዲህ ራሱን ችሎ የቫይረሱ መገኘት መጠሪያ ሆኗል። ለመድኃኒት በር የሚከፍተው ዜና የሁለተኛ በሽታ መርዶ መስሎ ሊሰማ ይችላል። «አዎንታዊ» ቢባልም «መልካም» የሚል ትርጕም ይጨምራል። ስለሆነም «የኤስትሮጅን ተቀባይ ፕሮቲን የተገኘበት ዕጢ»፣ በተቃራኒውም «ያልተገኘበት ዕጢ» እንዲባል እናሳስባለን። እንዲህ ሲሆን ቅጽሉ ከሴቲቱ ላይ ተነሥቶ በሚመለከተው በዕጢው ላይ ያርፋል። ርዝመቱ ይነቀፍ ይሆናል፤ ሆኖም ሐኪሙ ለማስረዳት ከሚፈጅበት ጊዜ አይረዝምም።

በጠቅላላው «የአስኳል ተቀባይ ፕሮቲን»፣ «ረዳት አንቂ» እና «ረዳት ገቺ» የሚሉት ስያሜዎች በመዝገበ ቃላት ዝግጅት እንዲታዩ፣ ስድስቱም የባዕድ ስሞች ግን በአንድ ፍቺ ሥር እንዲመዘገቡ ሐሳብ እናቀርባለን። የተሻለ ያለው ይተቸው፤ ያርመውም።