ኳሷን ሳይሆን ተቀባዩን

ጨዋታ አዋቂ ተመልካች የሚታወቀው በጭብጨባው ሰዓት ነው። ብዙው ሰው ኳስ በተረከዝ ስትመታ ወይም አርባ ሜትር ተንሳፍፋ ስታርፍ ይጮኻል። አዋቂው ግን ኳሷ ከሰጪው እግር ስትለቅ ዝም ይልና ዓይኑን ወደ ተቀባዩ ይልካል። ተቀባዩ ሩጫውን ሳይገታ፣ ፊቱን ወደ ጎል እንዳዞረ፣ በሚፈልገው እግሩ ካገኛት ያኔ ያጨበጭባል።

በ1970 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ብራዚል ጣሊያንን 4 ለ 1 ስታሸንፍ የተቆጠረው የመጨረሻ ጎል ለዚህ ጥሩ መማሪያ ነው። ፔሌ ከሳጥኑ ፊት ለፊት ኳሷን አገኘና ቆም አለ። ከዚያ ማንም ወደሌለበት ወደ ቀኝ ገፋ አደረጋት። ካርሎስ አልቤርቶ ከኋላ እየከነፈ መጥቶ ሳያቆማት መታት። የፔሌ እግር የሠራውን ብቻ ካየን የትኛውም የሰፈር ልጅ የሚችለው ነገር ነው። ከባዱ መታገሡ ነው። ፔሌ ቢቸኩል ኖሮ ኳሷ ከሯጩ ቀድማ በሄደች፤ ቢዘገይ ደግሞ ካርሎስ አልቤርቶ ቆሞ ሊጠብቃት በተገደደ ነበር።

ከሰዓቱ ቀጥሎ የሚመዘነው የኳሷ ኃይል ነው፤ እዚህ ላይ ከአዲስ አበባ አጠገብ ባለችው በቡራዩ ጨዋታ የሚያይ ሰው አስተያየት ሲሰጥ ይበልጥ መጠንቀቅ አለበት። ቡራዩ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በአቅራቢያዋ ያለችው ሱሉልታ ከዚያም ከፍ ትላለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንጻር በአንድ አምስተኛ ያህል ስስ ነው። ረጅም ኳስን የሚይዛት ነገር ስለሚቀንስ ሰጪው ካሰበው አልፋ ትሄዳለች፤ ጠምዝዘው የመቷትም እንደተጠበቀው አትታጠፍም። መሬቱ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፦ በበጋ የደረቀው አፈር ያነጥራታል፣ በክረምት ጭቃው ይይዛታል። እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ የሃያ ሜትር የመሬት ኳስ ከጓደኛው እግር ሥር የሚያደርስ ታዳጊ፣ በአውሮፓ ስታዲየም ሣር ላይ ይህንኑ ከሚያደርግ ባለሙያ በላይ ሊደነቅ ይገባዋል።

ሳያዩ መስጠትስ? የዚህ ጥበብ ትልቁ ስም ከቅርጫት ኳስ የመጣው ማጂክ ጆንሰን ነው። እሱን የሚኮርጁት ብዙዎቹ ግን ግማሹን ብቻ ነው የወሰዱት። የጆንሰን ዓይን ወደ ግራ ሲዞር ተከላካዩም አብሮ ወደ ግራ ይሳብ ነበር፤ ኳሷ የምታልፈው ተከላካዩ በለቀቀው ቦታ ነው። ስለዚህ መለኪያው ተከላካዩ ነው። እሱ ካልተነቃነቀ አንገት ማዞሩ ለካሜራ የተደረገ ነው።

ያው ቅርጫት ኳስ መቁጠርም ይወዳል። ጆን ስቶክተን በኤንቢኤ 15,806 ጊዜ ለነጥብ የሆነ ኳስ አቀብሏል፤ እስካሁን የደረሰበት የለም። ይሁን እንጂ ቁጥሩ የሚመዘግበው የመጨረሻውን ቅብብል ብቻ ነው። ተከላካዮቹን ያፈረሰችው ብዙ ጊዜ ከእሷ በፊት የነበረችው ናት። የእግር ኳስ ተመልካችም ጎል ሲገባ ሁለት ቅብብል ወደ ኋላ ቢመለስ አያከስረውም።

በአገራችን ስለ ቅብብል ክርክር ሲነሳ ኢትዮጵያ ቡና መጠራቱ አይቀርም። በተጫዋችነት ዘመኑ ደጋፊው የሚያውቀው ካሳዬ አራጌ ለ2012 ዓ.ም. የውድድር ዘመን በአሰልጣኝነት ሲመጣ ጨዋታው ከበረኛው እግር እንዲጀመር አደረገ። በ2013 ዓ.ም. ቡድኑ በፕሪሚየር ሊጉ ከፋሲል ከነማ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ፤ አቡበከር ናስርም በአንድ የውድድር ዘመን 29 ጎል አስቆጠረ። ተቺዎቹ በራስ ጎል ደጃፍ መቀባበል እሳት መጫወት ነው ይሉ ነበር። ክሱ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም፤ ግን መመዘን ያለበት በአደጋው ብቻ አይደለም። የበረኛው አጭር ኳስ ሁለት አጥቂዎችን ከኋላዋ ካስቀረች ዋጋዋን ከፍላለች። ሁለት ተከላካዮች ማንም ሳይጫናቸው ወዲያና ወዲህ የሚገፏት ግን፣ የቅብብሉን ቁጥር ከማሳመር በቀር ምን ትሠራለች?

ይህን አጨዋወት የሚወድ ሌላው አሰልጣኝ በቡራዩ ጎረቤት በሰበታ በኩል አልፏል። ቡናን በ2003 ዓ.ም. ለመጀመሪያ የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫው ያበቃው ውበቱ አባተ፣ ሊጉ በኮሮና በተቋረጠበት በ2012 ዓ.ም. የሰበታ ከተማ አሰልጣኝ ነበር። ከዚያ ብሔራዊ ቡድኑን ተረከበ፤ ሰበታም በምትኩ የቀድሞውን የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ አብርሃም መብራቱን ወሰደ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. የውበቱ ቡድን በማላዊ፣ ሊሎንግዌ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈ፤ ጎሎቹ የዳዋ ሆቴሳና ለዓመታት በግብፅ ክለቦች የተጫወተው የሽመልስ በቀለ ነበሩ። ያን ጨዋታ ደግሞ የሚያይ ሰው ጎሎቹን ለጊዜው ትቶ የአማካዮቹን አንገት ቢከታተል ይማርበታል፦ ኳሷ ገና ሳትደርስ ማን ዙሪያውን ቃኘ? ከደረሰች በኋላ ማን ፍለጋ ጀመረ?

የመመልከቻ ቦታ መምረጥም ያስፈልጋል። ዳር መስመር ላይ የቆመ ተመልካች ርቀቱን በደንብ ያያል፤ በተከላካዮች መካከል ያለው ክፍተት ግን ይሸሸገዋል። ከጎሉ ጀርባ ትንሽ ከፍ ያለ ስፍራ ይሻላል፤ ቡራዩ ደግሞ ዳገት አላጣችም። ከዚያ ላይ ኳሷ ሳትነሳ ልትሄድበት የምትችለው መንገድ ሁሉ ይታያል፤ ሰጪው የተሻለውን አይቶ ቀላሉን ከመረጠም እንዲሁ።