«ትርምስ» በፖላንድኛ ሲፈተን

ሆላንዳዊው የእንግሊዝኛ መምህር ጄራርድ ኖልስት ትሬኒቴ እ.ኤ.አ. በ1920 «ትርምስ» የተሰኘ ረጅም ግጥም አሳተመ። ግጥሙ መጀመሪያ የወጣው የሆላንድ ተማሪዎች የእንግሊዝኛ አነጋገራቸውን እንዲያርሙበት ባዘጋጀው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ነበር። ደራሲው ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ተሟልቶ የታተመው ቅጂ 274 ስንኞች አሉት፤ ጽሕፈታቸውና ድምፃቸው የማይገጥም 800 ያህል ቃላት ተሰብስበውበታል።

የግጥሙ ብልሃት ቤት አመታቱ ላይ ነው። ትሬኒቴ በጽሕፈት መንትያ የሚመስሉ ቃላትን ጎን ለጎን ያሰልፍና ስንኙን በትክክለኛው ድምፅ ይዘጋዋል። የመዝጊያውን ቃል እንደተጻፈ ያነበበ ሰው ቤቱ ይፈርስበታል፤ አራሚ ሳያሻው ስህተቱን በገዛ ጆሮው ይሰማል። ለክፍል ከተጻፉ ግጥሞች መካከል እንዲህ ያለ የተዋጣለት አሠራር ማግኘት ይከብዳል። ትርምሱ ደግሞ የደራሲው ፈጠራ አይደለም። ዊልያም ካክስተን በ1476 የኅትመት ማሽኑን እንግሊዝ ካስገባ በኋላ ጽሕፈቱ እየረጋ ሲሄድ ረጃጅሞቹ አናባቢዎች ግን መለወጣቸውን ቀጠሉ፤ ፊደሉ የድሮውን ድምፅ እንደያዘ ቀረ።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ትሬኒቴ ሁለት የተለያዩ ችግሮችን አንድ ላይ ቀላቅሏል። አንደኛው፣ ልዩ ልዩ ቃላት ተመሳሳይ ፊደላት ይዘው በተለያየ ድምፅ መነበባቸው ነው። ሁለተኛው፣ አንድ ጽሕፈት ሁለት ቃላትን መሸከሙ ነው። ቲ፣ ኢ፣ ኤ፣ አር «ቲር» ሲባል እንባ፣ «ቴር» ሲባል መቅደድ ነው። የመጀመሪያውን ችግር ቃላቱን በማጥናት መወጣት ይቻላል። ለሁለተኛው ጥናት ብቻ አይበቃም፤ የቃሉ ድምፅ የሚታወቀው ዐረፍተ ነገሩ ሲገባ ነውና። ገጣሚው ግን ይህን ጥንድ በአንዲት ስንኝ ነክቶት ያልፋል። ለአፍ ይጨነቃል፤ አንባቢው በምን እንደሚለይ አይነግረውም።

ጉድለቱ ጎልቶ የሚወጣው እንዲህ ያሉ ቃላት ወደ ፖላንድኛ ሲመለሱ ነው። ኤል፣ ኢ፣ ኤ፣ ዲ «ሌድ» ከሆነ እርሳስ የተባለው ማዕድን ነውና ፖላንድኛው «ኦዉፍ» ይሆናል፤ «ሊድ» ከሆነ መምራት ነውና «ፕሮቫጂች» ይሆናል። «ዊንድ» ነፋስ ነው፣ «ቪያትር»፤ ያው ጽሕፈት «ዋይንድ» ሲባል መጠምጠም ነው፣ «ናቪያች»። አር፣ ኦ፣ ደብሊዩማ ሦስት መንገድ አለው፤ ረድፍ ሲሆን «ዦንት»፣ መቅዘፍ ሲሆን «ቪዮስዎቫች»፣ ጠብ ሲሆን «ክውትኛ»። የፖላንድኛ የእንግሊዝኛ ስም ራሱ ከዚህ አላመለጠም፤ ከመነሻው ትልቅ ፊደል በቀር ማጥራትና ማወልወል ከሚለው ቃል በጽሕፈት አይለይም። ተርጓሚው አንዲት ፊደል ከመጻፉ በፊት መምረጥ አለበት። «ትርምስ»ም እንዳለ ቢተረጎም ስለ እንባና ስለ መቅደድ የምትናገረው ስንኝ ፍሬዋን ታጣለች፤ ሁለቱ የፖላንድኛ ቃላት በመልክም በድምፅም አይገናኙም።

ፖላንድኛም የራሱ አሻሚ ቃላት አሉት። «ዛሜክ» ቤተ መንግሥት፣ የበር ቁልፍና ዚፕ ነው፤ የሚነበበው ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ቺስ» ሲባል ዛፍ፣ «ትሲስ» ሲባል የሙዚቃ ኖታ እንደሚሆነው ጽሕፈት ያሉት ጥቂት ናቸው።

ለእኛ ይህ ባዕድ አይደለም። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ «ገና» ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ በዓል ነው። «አለ» ላልቶ ተናገረ፣ ጠብቆ መኖርን ይገልጻል። አማርኛ አንባቢ ከዐረፍተ ነገሩ ተነሥቶ ድምፁን ይመርጣል እንጂ አይደናገርም።

ስለዚህ ትሬኒቴ በግጥሙ መዝጊያ ላይ ለተማሪው የሚሰጠውን፣ ተስፋ ቆርጠህ ተወው የሚል ምክር አልቀበልም። «ትርምስ» ለጆሮና ለምላስ ልምምድ ድንቅ ነው፤ ለትርጉም ሥራ ግን ግማሽ መንገድ ብቻ ይወስዳል። እንግሊዝኛ የምታስተምሩ፣ ግጥሙን ጮክ ብላችሁ አስነብቡ፤ እንደ «ቲር» እና «ቴር» ያሉትን ቃላት ግን ከዐረፍተ ነገር ነጥላችሁ በዝርዝር አታስጠኑ።