መቻልና መቻል፦ የተጎዳ ኳርተርባክና ፈራጆቹ

ኦገስት 24 ቀን 2019 ማታ (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) የኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ ደጋፊዎች በገዛ ጀግናቸው ላይ ጮሁበት። አንድሩ ላክ በ29 ዓመቱ ጨዋታ ሊያቆም መሆኑ የዝግጅት ግጥሚያው ሳያልቅ በየስልኩ ተሰምቶ ነበርና፣ ከሜዳው ሲወጣ ከየወንበሩ «ቡ!» ተባለበት። ይህ ሰው ኩላሊቱ ተሰንጥቆ፣ የሆድ ጡንቻው ተቀዶ ያውቃል። የሚወረውርበት ትከሻ የ2017ን የውድድር ዘመን ሙሉውን አሳጥቶታል። በ2018 ተመልሶ፣ ከጉዳት ከተመለሱት ሁሉ ምርጡ ተብሎ ተሸልሟል። በዓመቱ ደግሞ እግሩ አልሽር አለ። ሕመምና ሕክምና እየተፈራረቁ የጨዋታውን ደስታ እንደወሰዱበት ተናግሮ ተሰናበተ።

የጮኹት ሰዎች ይህን ሁሉ ያውቁ ነበር። ጩኸታቸው መነበብ የሚገባውም ለዚህ ነው።

የአሜሪካን ፉትቦል፣ እግር ኳስ ተብሎ እግር ኳሱን እምብዛም የማይነካበት ጨዋታ፣ ለማይከታተሉ አንባቢዎች ጥቂት ልበል። ኳርተርባክ ኳሱን ከፊቱ ካለው ጓደኛው ተቀብሎ ለማን እንደሚወረውር በሁለት ሦስት ሰከንድ የሚወስነው ሰው ነው። እሱ ዐይኑን ሩቅ ጥሎ ሲያማትር ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ሰዎች ሊጥሉት ይሮጣሉ። ቡድኑ በእሱ ላይ የቆመ ስለሆነ ሲጎዳ ከተማው ሁሉ ሐኪምም ዳኛም ይሆናል። ጥያቄዎቹ ሁልጊዜ ሁለት ናቸው፦ ጠንካራ ነው ወይስ ልፍስፍስ? ወደፊትስ ምን ይሆናል? ሥነ ጽሑፍ ለሚያጠና ሰው ይህ ክርክር የታወቀ ዘውግ ነው። ተራኪ አለው፣ ባለታሪክ አለው፤ ባለታሪኩ ግን አይናገርም፣ ይነገርለታል። በእኛ ፉከራ የሚፎክረው የተዋጋው ራሱ ነው። እዚህ ፎካሪው ሌላ፣ የሚደማው ሌላ ነው።

ዘውጉን ለመረዳት ከአማርኛ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም። «ቻለ» ስንል ሁለት ነገር እንላለን። አንዱ ዐቅም ነው፦ መንዳት ይችላል፣ መዋኘት ይችላል። ሌላው መሸከም ነው፦ ችግሩን ቻለው፣ ቻይ ናት። ቤሩት ወይም ጅዳ በሰው ቤት ለምትሠራ ልጅ ከአገር ቤት በስልክ «ቻል አድርጊው» ሲባል፣ ማንም ስለ ዐቅሟ እየጠየቀ አይደለም። እንግሊዝኛ ለሁለቱ የተለያዩ ቃላት አሉት፤ የስታዲየሙ ጆሮ ግን አይለያቸውም። የተሸከመውን ሁሉ ዐቅም አለው ይላል፤ ዐቅም ያለው ሁሉ ደግሞ ይሸከም ዘንድ ግዴታው ነው ይላል። ላክ የተጮኸበት ገና ኳስ መወርወር ስለሚችል ነው። የመጀመሪያው መቻል እያለው ሁለተኛውን እምቢ አለ።

በ2012ቱ የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ላክ አንደኛ ሲሆን፣ ሁለተኛ የተመረጠው ሮበርት ግሪፈን ሣልሳዊ ነበር። የወሰደው የዋሽንግተን ቡድን ነውና፣ በዚያ ዓመት በዲሲና በሜሪላንድ ታክሲ ይነዳ የነበረ ወገን ስሙን ከስፖርት ሬዲዮ ሳይሰማ አልቀረም። ዲሴምበር ላይ ከባልቲሞር ጋር ሲጫወቱ ቀኝ ጉልበቱ ተጎዳ። ጃንዋሪ 6 ቀን 2013 ላንዶቨር ሜሪላንድ ውስጥ ከሲያትል ጋር ለጥሎ ማለፍ ተገናኙ። ዋሽንግተን 14 ለ 0 መራ፤ ልጁ ግን እያነከሰ ነው፣ ስታዲየሙም ቴሌቪዥኑም ያየዋል። አሰልጣኙ ማይክ ሻናሃን ሲጠይቀው ሕመም እንጂ ጉዳት እንደሌለበት ነገረው፤ ቀጠለ። በአራተኛው ሩብ ያመለጠ ኳስ ሊያነሳ ሲል፣ ማንም ሳይነካው ጉልበቱ ተጣጠፈ። 24 ለ 14 ተሸነፉ፤ እሱም ለሁለት ጅማቶቹ ቢላዋ ሥር ገባ።

«ሕመም እንጂ ጉዳት አይደለም» የሚለው ልዩነት በፉትቦል ውስጥ ከትንሽነት ጀምሮ የሚጠና ትምህርት ነው፤ ሕመም ይጫወቱበታል፣ ጉዳት ይቀመጡበታል። ወደ አማርኛ ልመልሰው ስሞክር ያስቸገረኝ ቃሉ ሳይሆን ሰዋስዉ ነው። እኛ «አመመኝ» ነው የምንል፣ እንደ ራበኝ፣ እንደ በረደኝ። ድርጊቱን የሚፈጽመው ሕመሙ ነው፤ እኔ የሚደረግብኝ ነኝ። በእንግሊዝኛው ግን የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ሰውየው ነው። ሕመሙን እንደ ንብረቱ ይዞታል፣ ሊያስተዳድረውም ይገባል። ካላስተዳደረው ጥፋቱ የእሱ ነው። ጠንካራነት ላይ ያለው ክርክር በሙሉ በዚህ ላይ የቆመ ይመስለኛል።

ግሪፈን ሲያነክስ በቆየባቸው ሰዓታት ጀግና ነበር። ጉልበቱ ከተጣጠፈ በኋላ ያው ድርጊት እብደት ተባለ፣ አሰልጣኙ ጨካኝ ሆነ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ተጫዋቹ ራሱ «ሰባራ» የሚል ስም ወጣለት። በዚያ የመጀመሪያ ዓመቱ ወደነበረበት ደረጃ አልተመለሰም። ድርጊቱ አንድ ነው፤ የተለዋወጠው ፍርዱ ነው፣ ፍርዱንም የሚሰጠው ፍጻሜው ነው። ጉልበቱ ቢጸናና ቢያሸንፉ ኖሮ ዛሬ ያቺን ማነከስ በሐውልት ያቆሟት ነበር።

ጄይ ከትለር ተቃራኒው ነው። ጃንዋሪ 23 ቀን 2011 የቺካጎው ኳርተርባክ ከግሪን ቤይ ጋር በተደረገው ትልቅ ግጥሚያ ሦስተኛው ሩብ ላይ በጉልበት ጉዳት ወጣ። ካሜራው ወንበር ላይ ተቀምጦ አሳየው፤ ደም የለም፣ ቃሬዛ የለም፣ ፊቱም እንደ ልማዱ የተሰላቸ ነው። ጨዋታው ሳያልቅ የሌላ ቡድን ተጫዋቾች ሳይቀሩ በትዊተር ዘበቱበት፣ ደጋፊ ማሊያውን አቃጠለ። በማግስቱ የጉልበቱ ጅማት በርግጥ መጎዳቱ ተነገረ። በዚያው የውድድር ዘመን 52 ጊዜ ኳስ እንደያዘ ተጥሎ እየተነሳ የተጫወተ ሰው ነው። የከትለር በደል ቁስሉን አለማሳየቱ ነበር፤ ፊቱ ቢጨማደድ ይማሩት ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሌክስ ስሚዝን ማንም ልፍስፍስ ብሎት አያውቅም፣ ምክንያቱም የእሱን ሁሉም አይቶታል። ኖቬምበር 18 ቀን 2018 የዋሽንግተኑ ስሚዝ እግሩ ተሰበረ፤ ልክ በ33 ዓመቱ፣ የዚያው ቡድን ጆ ታይዝማን እግሩ በተሰበረበት ቀን። ውጤቱም በሁለቱም ቀን 23 ለ 21 ነበር። ይህን አጋጣሚ ሲተርኩ የሚታየው ደስታ ይገርመኛል፤ ደጋፊ እንደ ጥንት ተራኪ ትንቢት ይወዳል። ታይዝማን ዳግመኛ አልተጫወተም። ስሚዝ ቁስሉ መርዞ እግሩንም ሕይወቱንም ሊያጣ ደርሶ፣ 17 ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ኦክቶበር 2020 ተመለሰ።

«ወደፊትስ?» የሚለውን ጥያቄ ስሰማ የሶፎክልስ ፊሎክቴቴስ ይመጣብኛል። ጓዶቹ የቁስሉን ግማትና ጩኸቱን መስማት አቅቷቸው በደሴት ጥለውት ሄዱ፤ ከዓመታት በኋላ የመጡት ያለ ቀስቱ ትሮይ እንደማትያዝ ሲነገራቸው ነው። የፈለጉት ቀስቱን ነው፣ ሰውየው ከቀስቱ ጋር መጣ። የኳርተርባክ ክንድም እንደዚያው ነው። «ወደፊቱ» ሲባል የማን ወደፊት እንደሆነ ጠይቁ፤ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ የቡድኑ ነው።

ይህ ዘውግ የተሰነጠቀው በቱዋ ታጎቫይሎአ ላይ ይመስለኛል። ሴፕቴምበር 25 ቀን 2022 የማያሚው ኳርተርባክ ከቡፋሎ ጋር ሲጫወት ጭንቅላቱ መሬት መታ፤ ተነሳ፣ ተንገዳገደ። ቡድኑ ጀርባው ነው አለ፤ ተመልሶ ተጫወተ። ከአራት ቀን በኋላ ሲንሲናቲ ላይ እንደገና ሲወድቅ ጣቶቹ ተጣመው ደርቀው ቀሩ። ሊጉ በሚቀጥለው ወር ሕጉን አሻሽሎ፣ የተንገዳገደ ሰው በዚያው ቀን እንዳይመለስ አደረገ። አንጎል እንደ ጉልበት አይደለም፤ ቻልኩት ብሎ የሚመሰክረው አካልና የተጎዳው አካል አንድ ነው። ስለዚህ ምስክርነቱ አይታመንም፣ መሸከምም ትርጉም ያጣል።

ደጋፊውም ይህን ገባው። ሴፕቴምበር 12 ቀን 2024 ቱዋ ሌላ የአንጎል መናወጥ ሲደርስበት፣ ለአራት ዓመት 212.4 ሚሊዮን ዶላር ከፈረመ ገና ሁለት ወር አልሞላውም ነበር። ይሁንና ከፍ ብሎ የተሰማው ድምፅ «በቃ፣ ተው» የሚል ነበር፤ የሌላ ቡድን አሰልጣኝ ሳይቀር ጡረታ ውጣ አለው። ይህ ከላኩ «ቡ» እጅግ ይሻላል፣ አልክድም። ግን የዐረፍተ ነገሩን ባለቤት ስፈልግ ያው ደጋፊ ነው። በ2019 ቀጥል ብሎ የፈረደ፣ በ2024 አቁም ብሎ ይፈርዳል። ርኅራኄውም እንደ ጭካኔው ፍርድ ነው።

የእኛስ ትረካ? አበበ ቢቂላ በ1968 ሜክሲኮ ላይ በእግሩ ጉዳት ማራቶኑን አቋረጠ። ማንም አቋራጭ አይለውም። እንደሚተረከው አደራውን ለማሞ ወልዴ ሰጥቶ ነው የወጣው፤ ማሞም ወርቁን አመጣ። «አልቻለም» የሚለው ቃል ያለ ነቀፋ ከተነገረባቸው ጥቂት ታሪኮች አንዱ ነው። ነገር ግን ማሞ ባያሸንፍ ኖሮ ትረካው እንዲህ ይራራ እንደነበር እጠራጠራለሁ።

ቱዋ ከ2022 በኋላ ስለማቆም ከቤተሰቡ ጋር አስቦበት፣ ለመቀጠል ሲወስን ጁጂትሱ እየሠራ አወዳደቅ ተማረ። በ2023 አንድም ጨዋታ ሳያመልጠው በሊጉ ብዙ ያርድ የወረወረው እሱ ነበር። የ2024ቱ ጉዳት የደረሰበት ግን ሲጥሉት አይደለም። 31 ለ 10 እየተመሩ ኳሱን ይዞ ራሱ ሮጠ። ኳርተርባክ እግሩን አስቀድሞ ከተንሸራተተ እንዳይመቱት ሕጉ ይጠብቀዋል፤ እሱ ግን ተከላካዩ ላይ በራሱ ገባ። በማግስቱ ሁሉም የጠየቀው አንድ ነገር ነበር፦ ለምን አልተንሸራተተም?